ቶኒኩ በእውነት ይገድላል? ለአንዲት የፖሮ ተመልካች የፋርማሲስት ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰሞኑን ማታ ማታ ከእማዬ ጋር የመርማሪውን የኤርኩል ፖሮን ድራማ እያየን ነው። ደም ስለማይበዛበት እሷም ትወደዋለች። ስታይልስ በሚባለው ቤት የሚሆነው ክፍል ላይ ግን ተከራከርን። ባለጸጋዋ ሴትዮ የሚሞቱት በየቀኑ ሲወስዱት በነበረው ቶኒክ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ የተጨመረው ደግሞ ሌላ መርዝ ሳይሆን የእንቅልፍ ዱቄት ነው። እማዬ ‹ይሄማ የፊልም ወሬ ነው› አለች። እኔ ግን ፈራሁ። የሷ የደም ግፊት ክኒንና የልጄ ሽሮፕ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው ያሉት። ሁለት ደህና መድኃኒት ተቀላቅሎ ሰው ይገድላል? ደግሞስ ማታ የወሰዱት ለምን ሊነጋጋ ሲል ገደላቸው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ መሳቢያው ልመልስ። ክኒኑም ሽሮፑም በየማሸጊያው እስካለ ድረስ ጎን ለጎን ስለተቀመጠ ምንም አይሆንም። የልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን እንጂ በዚህ በኩል አይስጉ።

ስለ ድራማው ግን እናትዎ ይቅር ይበሉኝ፤ ነገሩ የፊልም ወሬ አይደለም። ቶኒኩ ውስጥ ያለው ስትሪክኒን የተባለ መርዝና የእንቅልፍ ዱቄቱ ብሮማይድ አንድ ጠርሙስ ውስጥ መግባት እንደሌለባቸው የድሮ የመድኃኒት ቅመማ መጻሕፍት አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር። እኔም ይህን ክፍል ከማየቴ በፊት ነገሩን የማውቀው ከዚያ ነው። ስለዚህ ፖሮ ምስጢሩን ሲፈታ በጣም ነው ደስ ያለኝ። አንድ የፋርማሲ ስህተት እንዲህ በትክክል ሲተረክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ክፍሉን ያላያችሁ ሌሎች አንባቢዎች ካላችሁ፣ ከዚህ በታች ገዳዮቹን በስማቸው ስለምጠራ አይታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

ድራማው ዴቪድ ሱሼ ፖሮን ሆኖ የሚጫወትበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2013 በ70 ክፍሎች ቀርቧል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። የስታይልሱ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው መስከረም 16 ቀን 1990 ሲሆን፣ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ከተወለደች 100 ዓመት በሞላ በማግስቱ ነው። ታሪኩ የተወሰደው በ1920 ከታተመው የመጀመሪያ ልቦለዷ ነው።

እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ግን ልቦለዱን የት ሆና እንዳሰበችው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተወለደችበት ከተማ በቶርኪ፣ ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ በአስታማሚነት፣ ቀጥሎ በመድኃኒት ክፍሉ ትሠራ ነበር። በ1917 የመድኃኒት ቅመማ ፈተና ወስዳ አልፋለች። መደርደሪያው በመርዝ ጠርሙሶች የተሞላ ክፍል ውስጥ ሆና፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነው የወንጀል ታሪክ ማሰብ የጀመረችው።

ለፈተናው ስትዘጋጅ ስላስተማራት አንድ ፋርማሲስት የተረከችውን መቼም አልረሳውም። ሰውየው መድኃኒት ሲያዘጋጅ የአስርዮሽ ነጥቧን ቦታ ተሳሳተ። መጠኑ 10 እጥፍ ሆነ። እሷ አይታለች፤ ግን ገና ተማሪ ናት፣ እሱ ደግሞ በራሱ በጣም የሚተማመን ሰው ነው። ፊት ለፊት ተሳስተሃል ማለት ከበዳት። ስለዚህ የተደናቀፈች መስላ መድኃኒቱ ያለበትን ሰሌዳ ገለበጠችው፣ የወደቀውንም ረገጠችው። መድኃኒቱ እንደ አዲስ ተሠራ። እኔ እንደማስበው የስታይልስ ታሪክ የተወለደው ከዚህ ዓይነቱ ፍርሃት ነው። መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። በዚያ ዘመን ቶኒክ የሚባለው፣ ለደከመው፣ ምግብ ለማይበላ፣ ለገረጣ ሰው የሚታዘዝ የጉልበት መድኃኒት ነው። ብዙ ቶኒኮች ውስጥ በጣም ትንሽ ስትሪክኒን ይገባ ነበር። ስትሪክኒን የሚገኘው ህንድና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ከሚበቅል ዛፍ ነው። ዘሩ እንደ ልብስ ቁልፍ ክብና ጠፍጣፋ ነው። ንጥረ ነገሩን በ1818 ለይተው ያወጡት ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። እነዚሁ ሰዎች ከ2 ዓመት በኋላ የወባ መድኃኒት የሆነውን ኩዊኒን አገኙ። እኛ ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ክኒን» የምንለው ከዚያ ስም ተነስተን ነው።

መርዝ ለምን መድኃኒት ውስጥ ገባ? አንደኛ፣ በጣም መራራ ነው። መራራ ነገር ምግብ ያስበላል ይባል ነበር። ኮሶ የጠጡ አያቶቻችን እንደሚያምኑት፣ እዚያም ሰው የመረረው ነገር ያድናል ብሎ ያምን ነበር። ሁለተኛ፣ በትንሽ መጠን ጡንቻን የሚያነቃ መሰላቸው። በ1904 የሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው አሜሪካዊው ቶማስ ሂክስ፣ መንገድ ላይ ሲዝል ረዳቶቹ ስትሪክኒን ከእንቁላል ነጭና ከብራንዲ ጋር ይሰጡት ነበር። ሊወድቅ ሲል እየደገፉት ነው ውድድሩን የጨረሰው። ዛሬ በማንኛውም ውድድር የተከለከለ ነው።

የመረረ መሆኑ ለገዳይ ትልቅ ችግር ነው። ሰው ቡናው ወይም ካካዎው ውስጥ እንዲህ ያለ ምሬት ቢያገኝ ይተፋዋል። ድራማው ላይ መርዙ ያለው ቡናው ውስጥ ነው ወይስ ካካዎው ውስጥ እየተባለ የሚወዛገቡት ለዚህ ነው። ቶኒክ ግን ድሮም መራራ ነው። ባለጸጋዋ ሴትዮ ሚስስ ኢንግልቶርፕ በየቀኑ ምሬቱን ለምደውታል። የዚያን ቀን ትንሽ ቢብስ ማን ይጠረጥራል?

ብሮማይድ ደግሞ የዚያ ዘመን ማስታገሻ ነው። ለሚጥል በሽታና ለእንቅልፍ እጦት በሰፊው ይሰጥ ነበር። ዛሬ ለሰው መስጠት ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ የእንስሳት ሐኪሞች ግን የሚጥል በሽታ ላለበት ውሻ እስካሁን ያዙታል።

እንግዲህ ሁለቱ ሲገናኙ ምን ይሆናል? ቶኒኩ ውስጥ ስትሪክኒኑ ሟሙቶ ይገኛል። ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፣ እያንዳንዱ ማንኪያም እኩል መጠን ይይዛል። ብዙ ብሮማይድ ሲጨመርበት ግን ስትሪክኒኑ ከብሮማይዱ ጋር ይያያዛል። አዲሱ ጨው ብሮማይድ በበዛበት ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ጥቃቅን፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ክሪስታሎች ይሠራና ወደ ታች ይዘቅጣል።

በሶ በውሃ በጥብጠው ያውቁ የለ? ትንሽ ከቆየ ላይ ላዩ ቀጭን ውሃ ይሆናል፣ ወፍራሙ ታች ይቀራል። ሳያማስሉ ከጠጡት የመጀመሪያው ጉንጭ ውሃ ውሃ ይላል፣ የመጨረሻው ግን ሙሉ በሶ ነው። የሚስስ ኢንግልቶርፕ ጠርሙስም እንደዚያ ነው የሆነው። ልዩነቱ ታች የተከማቸው ስትሪክኒን መሆኑ ነው።

በቁጥር ልየው። ልቦለዱ ውስጥ ፖሮ ከአንድ የመድኃኒት ቅመማ መጽሐፍ ላይ ማዘዣ ያነባል። እዚያ የተጠቀሰው የስትሪክኒን መጠን 1 ግሬን ነው፤ ወደ 65 ሚሊግራም ማለት ነው። ፈሳሹ 8 አውንስ፣ ማለትም ወደ 227 ሚሊሊትር ነው። በሾርባ ማንኪያ ቢለካ 16 ጊዜ ይወሰዳል። ተነቅንቆ፣ እኩል ተከፋፍሎ ከተወሰደ በአንድ ጊዜ 4 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳል። በዘመኑ ሐኪሞች ዓይን ይሄ ደህና መጠን ነበር። አብዛኛው ታች ዘቅጦ በመጨረሻዋ ማንኪያ ከመጣ ግን ሰው ይገድላል። ገዳዮቹ አንድ ሚሊግራም መርዝ እንኳ አልጨመሩም። ለ2 ሳምንት የታሰበውን ሁሉ ወደ አንድ ማንኪያ ሰበሰቡት እንጂ።

አንድ ማስተካከያ ብቻ አለኝ። ድራማውን ያየ ሰው ቁንጥር ዱቄት ጣል ማድረግ የሚበቃ ሊመስለው ይችላል። አይበቃም። ብሮማይዱ ከስትሪክኒኑ በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት፣ ጠርሙሱም ሳይነካ መቆየት አለበት። ሴትዮዋ ከመውሰዳቸው በፊት ጠርሙሱን የመነቅነቅ ልማድ ቢኖራቸው ኖሮ ዘዴው ሁሉ ገደል ይገባ ነበር።

የዘዴው ክፋት ደግሞ ገዳዩ እዚያ መገኘት የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ከገዳዮቹ አንዷ፣ የሴትዮዋ ረዳት የነበረችው ሚስ ሃዋርድ፣ ተጣልታ ከቤት ወጥታለች። ሌላው ገዳይ፣ ባልየው አልፍሬድ፣ ያን ሌሊት ቤት አላደረም። ጠርሙሱ ግን በራሱ ቀን እየቆጠረ ነው። ልቦለዱ ላይ አንድ የምወደው ዝርዝር አለ። ሴትዮዋ የመጨረሻዋን ማንኪያ በታሰበው ምሽት አልወሰዱም፤ አንድ ቀን ዘገዩ። አልፍሬድ በጭንቀት ለሚስ ሃዋርድ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፣ የተያዙትም በዚያ ደብዳቤ ነው። በሥራዬ በየቀኑ የማየው ነገር ነው ይሄ። ሰው መድኃኒቱን በታዘዘለት ሰዓት አይወስድም፤ ይረሳል፣ ይዘላል። ይህን የምታውቅ ደራሲ ናት ገዳዮቹን በዚያ ያስያዘቻቸው።

ከመንደሩ መድኃኒት ቤት ስለተገዛው ስትሪክኒንም ልጨምር። ሚስ ሃዋርድ ጢም አድርጋ፣ እንደ አልፍሬድ ለብሳ፣ «ውሻ መግደያ» ብላ ነው የገዛችው። በእንግሊዝ ከ1868 ጀምሮ በነበረው ሕግ መሠረት መርዝ የሚሸጥ ሰው ገዢውን ማወቅ ነበረበት። ቀኑን፣ ስሙን፣ ለምን እንደተፈለገ መዝግቦ ያስፈርም ነበር። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የአልፍሬድ ስምና ፊርማ ተገኘ። ግን ፊርማው የሱ አይደለም። በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበር ምስክር ማቅረብም ይችላል። ፈልጎት የነበረውም ይህንኑ ነው። ቶሎ ተይዞ፣ ተከሶ፣ ነጻ ቢባል ኖሮ በዚያው ወንጀል ዳግመኛ ሊከሰስ አይችልም ነበር። ፖሮ እንዳይታሰር አጥብቆ የተከራከረው ለዚህ ነው። የተገዛው ስትሪክኒን ደግሞ ማንንም አልገደለም።

«ውሻ መግደያ» የሚለው ምክንያት ለኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት ስጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጠው ይኸው ስትሪክኒን ነበር። ጠዋት መንገድ ላይ ጀርባው ተለጥጦ፣ እግሩ ደርቆ የወደቀ ውሻ ያየ ሰው የሚስስ ኢንግልቶርፕን አሟሟት ይገነዘባል። እኔ በልጅነቴ አይቻለሁ። በጣም የሚያሳዝን ሞት ነው፤ ለማንም ፍጡር አይገባም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ህብለ ሰረሰራችን ውስጥ ጡንቻን «ተነሥ» የሚል መልእክት እንዳለ ሁሉ «በቃ፣ ተረጋጋ» የሚልም አለ። ይህን ፍሬን ከሚይዙት አንዱ ግላይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ስትሪክኒን ግላይሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። ፍሬኑ ተበጠሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ድምፅ፣ የበር መንኳኳት፣ የእጅ ንክኪ እንኳ መላ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። ጀርባ እንደ ቀስት ይለጠጣል፣ ፊት ፈገግ ያለ መስሎ ይደርቃል። አእምሮ ግን ንቁ ነው። መተንፈሻ ጡንቻዎች ሲቆለፉ ሰውየው ይታፈናል።

መንጋጋ ቆልፍ የምንለው ቴታነስም ዘመዱ ነው። የቴታነስ መርዝ ግላይሲኑ እንዳይላክ ይከለክላል፣ ስትሪክኒን ደግሞ የተላከው እንዳይደርስ ያደርጋል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሁለቱን እንዳያምታቱ የሚማሩት። ቴታነስ ብዙ ጊዜ ከመንጋጋ ይጀምርና በቀናት ይብሳል፤ ስትሪክኒን በደቂቃዎች ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው ስለ ሰዓቱ የጠየቁት የሚገባው። በአፍ የተወሰደ ስትሪክኒን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ምልክት ያሳያል። ሴትዮዋ ግን ማታ ወስደው የታመሙት ሊነጋጋ ሲል ነው። ልቦለዱ ለዚህ መልስ አለው። የእንጀራ ልጃቸው ሚስት ሜሪ ለራሷ ጉዳይ፣ በር ከፍታ ወረቀት ለመፈለግ ስትል፣ ካካዎው ውስጥ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ጨምራ ነበር። እንደ ሞርፊን ያሉት መድኃኒቶች ጨጓራ ውስጥ ያለው ቶሎ ወደ አንጀት እንዳይወርድ ያዘገያሉ። ስትሪክኒን ወደ ደም የሚገባው በዋናነት አንጀት ሲደርስ ስለሆነ፣ መዘግየቱ መሠረት አለው። ክሪስታሉም ሆድ ውስጥ እንደገና እስኪሟሟ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። እኔ አንድ ሁለት ሰዓት ቢባል ያለማመንታት እቀበላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ የሚለው ግን ለታሪኩ ሲባል ተለጥጧል ብዬ ነው የማምነው። እናትዎ «አላምንም» ካሉ፣ እዚህ ቦታ ላይ ትክክል ናቸው።

ከዚህ ውጪ ግን ደራሲዋ ሥራዋን አክብራለች። የእንግሊዝ ፋርማሲስቶች መጽሔትም ልቦለዱን ባየ ጊዜ ስለ መርዝ በትክክል መጻፉን አመስግኖ ነበር። እሷም በዚህ ምስጋና እጅግ ኮርታለች። ትክክለኛነቷ ሰው እስከማትረፍ ደርሷል። በ1961 በታተመ ሌላ ልቦለዷ የታሊየምን መርዝ ምልክት፣ በተለይ የፀጉር መርገፍን፣ በዝርዝር ጽፋለች። በ1977 ከኳታር ወደ ለንደን ሆስፒታል የመጣች የ19 ወር ሕፃን በሽታዋ ምን እንደሆነ ጠፍቶባቸው ነበር። ያንን ልቦለድ እያነበበች የነበረች አንዲት ነርስ «ይሄ ታሊየም ይመስላል» አለች። ተመረመረ፣ እውነት ሆነ። ሕፃኗ ታክማ ተሻላት። የቤት ውስጥ ተባይ ማጥፊያ ውስጥ የነበረ ታሊየም ነው ለዚያ የዳረጋት።

አሁን ወደ ዋናው ስጋትዎ ልመለስ። ሁለት ደህና መድኃኒት ተገናኝቶ የሚዘቅጥበት ጊዜ ዛሬም አለ፤ ቶኒኩ ነው የቀረው እንጂ። በየሆስፒታሉ በብዛት የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን የተባለው መርፌ ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋር መቀላቀል የለበትም። ሕዝቡ በጥቅሉ «ግሉኮስ» ከሚላቸው ፈሳሾች አንዱ ሪንገር ላክቴት ነው፤ ካልሲየም አለው። ሁለቱ አንድ ቱቦ ውስጥ ከተገናኙ ክሪስታል ይሠራሉ። በአራስ ሕፃናት ላይ ሞት ስላስከተለ በ2007 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። ነርሷ ከመርፌው በፊት ቱቦውን በሌላ ፈሳሽ ስታጥብ ካዩ፣ ጊዜ እያባከነች አይደለም፤ ይህን እየተከላከለች ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ያልተነቀነቀ ጠርሙስ አለ። ብዙ የልጆች ሽሮፕ የምንላቸው መድኃኒቶች በእውነቱ ሽሮፕ አይደሉም። አሞክሲሲሊንን የመሰሉት ዱቄቱ ውሃ ላይ ተንሳፎ የሚቆይባቸው ናቸው፤ ሲቀመጡ ይዘቅጣሉ። ለሚጥል በሽታ በፈሳሽ መልክ የሚሰጠው ፌኒቶይን በዚህ የታወቀ ነው። ሳይነቀነቅ ከተሰጠ መጀመሪያ ላይ መጠኑ አንሶ በሽታው ይነሳል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በዝቶ ልጁን ያንገዳግደዋል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ጠርሙስ ይዘውልኝ መጡ። «መድኃኒታችሁ ውሃ ነው፤ ጭቃው ታች ቀርቷል» አሉኝ። ለ4 ቀን ከላዩ እየቀዱ ሰጥተዋል። የልጁ ትኩሳትም አልወረደም። አልተቆጣኋቸውም። ማንም አልነገራቸውም ነበር። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙሱን ራሴ ነቅንቄ ሳላሳይ አልሰጥም።

ስለዚህ የልጅዎን ጠርሙስ ብርሃን ላይ ያዙና ታቹን ይዩ። የዘቀጠ ነገር ካለ፣ ከመስጠትዎ በፊት ታቹ እስኪለቅ ደህና አድርገው ይነቅንቁት፤ በያንዳንዱ ጊዜ። እስካሁን ሳይነቀንቁ ሰጥተው ከሆነና ወፍራሙ ብቻ ከቀረ ግን አይስጡ፤ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ገዙበት መድኃኒት ቤት ይሂዱ። ሁለት ፈሳሽ መድኃኒት አንድ ብልቃጥ ውስጥ አይገልብጡ፣ ጡጦ ውስጥም ቢሆን። የእናትዎን የደም ግፊት ክኒን ይህ ስጋት አይመለከተውም። የሽሮፑን ስም ቢጽፉልኝ ደግሞ የሚዘቅጥ ዓይነት ይሁን አይሁን ለይቼ እነግርዎታለሁ።